የተደበቀው ፕላኔት የት ነው? ሰዎችስ በፎቶ ላይ እንዴት ይፈልጉታል?

በዚህ እትም የሳይንስ ዓምድ ተረኛ እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ርዕስ የምንመርጠው እኛ የክበቡ አባላት ነን፤ የዛሬውን ግን የመረጠልን የጥያቄ ሳጥናችን ነው። ሳጥኑን ስንከፍት ከወጡት ወረቀቶች 7ቱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። “ከፀሐይ ጀርባ የተደበቀ ፕላኔት አለ፣ እየመጣ ነው፣ ምድርን ይመታል የሚባለው እውነት ነው ወይ?” የሚል። አንዱማ “ከመታን ፈተና ይቀራል?” ብሎ ጽፏል። (አይቀርም፣ አጥና።) አንዷ ወረቀት ግን አላሳቀችንም። የትንሽ ልጅ ጽሕፈት ናት፤ “ቪዲዮውን ስልክ ላይ ካየሁት ጀምሮ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ለማንም አልነገርኩም” ትላለች። ስም አልተጻፈባትም። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ በዋናነት የምጽፈው ለእሱ ወይም ለእሷ ነው። ሌሎቻችሁም አብራችሁ አንብቡ።

መልሱን አላቆየውም። ምድርን ሊመታ የሚመጣ የተደበቀ ፕላኔት የለም። ምክንያቱን ወደ ታች አመጣዋለሁ። ነገር ግን ሳይንቲስቶችና ብዙ ተራ ሰዎች የምር የሚፈልጉት ሌላ ያልታየ ፕላኔት አለ። እሱ ደግሞ በእርግጥ ካለ ከእኛ እጅግ በጣም የራቀ ነው፤ ወደ እኛም አይመጣም። ወሬው ሰውን የሚያደናግረው ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚቀላቅላቸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እውነተኛውን ፍለጋ እንየው፤ እሱን ያወቀ ሰው ወሬውን ራሱ መመዘን ይችላል።

ፕላኔት በምን ይታወቃል?

ማታ መብራት ሲጠፋ ደጅ ወጥታችሁ ሰማዩን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያኔ በባዶ ዓይን ፕላኔትም ኮከብም ያው ብርሃን ያለው ነጥብ ነው። ልዩነቱ ኮከቦች እርስ በርሳቸው ያላቸው አቀማመጥ በሰው ዕድሜ የማይለወጥ መምሰሉ ነው። አያቶቻችን ልጅ ሆነው ያዩትን ቅርጽ እኛም እናየዋለን። ፕላኔት ግን በኮከቦቹ መሃል ቀስ እያለ ቦታ ይቀይራል። “ፕላኔት” የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ “ተንከራታች” ማለት ነው።

ነገሩ እንደ ጠዋት ሰልፋችን ነው። ሁሉም ተማሪ ቦታው ላይ ቆሞ ከፎቅ ላይ ዛሬ አንድ ፎቶ፣ ነገ ደግሞ አንድ ፎቶ ቢነሳ፣ ሁለቱን አስተያይቶ ቦታ የቀየረውን ልጅ ማግኘት ይቻላል። የፕላኔት ፍለጋ በአጭሩ ይኸው ነው። ችግሩ በሰማዩ ሰልፍ ላይ የቆሙት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው።

ይህን ሥራ የጀመሩት ሁሉ ፕሮፌሰሮች አይምሰሏችሁ። ዩራነስን እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1781 ያገኘው ዊሊያም ኸርሼል እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ኦርጋን የሚጫወትና ሙዚቃ የሚያስተምር ሰው ነበር። በገዛ እጁ በሠራው ቴሌስኮፕ ከቤቱ ጓሮ ሆኖ ነው ያየው። መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መስሎት ነበር።

ከዚያ በኋላ ዩራነስ በሒሳብ ከተተመነለት መንገድ ትንሽ ትንሽ እያለ ሲወጣ ታየ። ፈረንሳዊው ለቨርዬ አንድ ያልታየ ፕላኔት በስበቱ እየጎተተው ነው ብሎ፣ የት ሊሆን እንደሚችል በወረቀት ላይ አሰላና ወደ በርሊን ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው የደረሰው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1846 ነው። ዮሐን ጋለ የተባለው ተመልካች በዚያው ሌሊት ቴሌስኮፑን ወደ ተባለው ቦታ አዞረ። አብሮት ዳሬስት የሚባል ተማሪ ነበር። አዲሱን የኮከብ ካርታ አምጥተን ከሰማዩ ጋር እናስተያይ ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ይህ ተማሪ ነው። ጋለ በቴሌስኮፑ እያየ የኮከቦቹን ቦታ ይጠራል፣ ተማሪው ካርታው ላይ “አለ፣ አለ” እያለ ያረጋግጣል። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ካርታው ላይ የሌለ አንድ ነጥብ ተጠራ። ኔፕቱን ነበር! ለቨርዬ ካለው ቦታ የራቀው ከ1 ዲግሪ በታች ነው። እኔ ይህን ታሪክ የወደድኩት ተማሪ ስላለበት ነው፣ አልደብቅም።

ለቨርዬ ግን በዚህ አላቆመም። ሜርኩሪም ትንሽ ስለሚያስቸግር ለፀሐይ የቀረበ ሌላ የተደበቀ ፕላኔት መኖር አለበት አለ። እ.ኤ.አ. በ1859 በፈረንሳይ ገጠር የሚኖር፣ ሰማይ መመልከት የሚወድ አንድ ሐኪም በፀሐይ ፊት ጥቁር ነጥብ ሲያልፍ አየሁ ብሎ ጻፈለት። ስም እንኳ ወጣለት፣ “ቩልካን” ተባለ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሰው ሲፈልገው ኖረ፤ የለም። እ.ኤ.አ. በ1915 አይንስታይን ስለ ስበት ባወጣው አዲስ ቀመር የሜርኩሪ ነገር ያለ ምንም ተጨማሪ ፕላኔት ተፈታ። ያው ሰው፣ ያው ዘዴ፤ አንዴ ተሳካለት፣ አንዴ አልተሳካለትም። ሳይንቲስቶቹ ግን ፈልገው ሲያጡት “ተደብቆ ነው” ብለው ድርቅ አላሉም፤ ቩልካንን ከመጽሐፋቸው ሰረዙት።

የገበሬው ልጅ

አሁን በጣም ወደምወደው ሰው ደረስን። ክላይድ ቶምባው ይባላል፣ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ የገበሬ ልጅ ነው። በረዶ የቤተሰቡን እህል ስለመታው ኮሌጅ የመግባት ዕቅዱ ቀረ። እሱ ግን ከአሮጌ መኪናና ከእርሻ መሣሪያ ላይ በወጡ ብረቶች ቴሌስኮፕ ሠራ። መስታወቱን የሚሞርደው ራሱ ነው። የሞረደውን ለመፈተን አየሩ የማይንቀሳቀስበት ቦታ ስላስፈለገው ጉድጓድ ቆፈረ! ከዚያ በዚያ ቴሌስኮፕ ያያቸውን ማርስንና ጁፒተርን በእጁ ስሎ በአሪዞና ወደሚገኘው ሎዌል የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ላከ። ሥዕሎቹን ያዩት ሰዎች ና ሥራ አሉት። እ.ኤ.አ. በ1929 ነው።

የሎዌል ጣቢያ ሰዎች ለብዙ ዓመት የሚፈልጉት “ፕላኔት ኤክስ” የሚባል ነገር ነበር። የጣቢያው መሥራች ፐርሲቫል ሎዌል ሲፈልገው ኖሮ ሳያገኘው እ.ኤ.አ. በ1916 ሞቷል። ለቶምባው የተሰጠው ሥራ የሚከተለው ነው፦ ያንኑ የሰማይ ክፍል በተለያዩ ሌሊቶች በመስታወት ሳህን ላይ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ ሁለቱን ሳህኖች አንድ መሣሪያ ላይ አድርጎ በአጉሊ መነጽር ማየት። መሣሪያው አንዴ የመጀመሪያውን፣ አንዴ ሁለተኛውን ሳህን ቶሎ ቶሎ ያፈራርቃል። ያልተንቀሳቀሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይቆማል፤ የተንቀሳቀሰው ግን ወዲያና ወዲህ ዘለል ዘለል ይላል። በአንድ ሳህን ላይ ያለው ኮከብ ከመቶ ሺህ ሊበልጥ ይችላል። ቶምባው ይህን በትንሽ በትንሽ ቁራጭ እየከፋፈለ፣ ቀን ከቀን፣ ለወራት አየው። እኔ ሒሳብ 10 ጥያቄ ስሠራ እንኳ ዓይኔ ይደክመኛል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1930 በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ በጃንዋሪ 23 እና 29 የተነሱትን ሁለት ሳህኖች እያፈራረቀ ሲያይ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ዘለለች። የዘለለችው 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ማስመሪያችሁን አውጡና እዩት። ፕሉቶ የተገኘው እንዲህ ነው፤ ቶምባው ያኔ ገና 24 ዓመቱ ነበር። ስሙን ደግሞ ያወጣችው ቬኔሺያ በርኒ የምትባል የ11 ዓመት እንግሊዛዊት ተማሪ ናት። ቁርስ ላይ አያቷ ዜናውን ሲያነቡ ሰምታ “ፕሉቶ ቢባልስ?” አለች፣ ተቀበሏት። ቶምባውም በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ተማረ።

ግን ልብ በሉ፤ ፕሉቶ የሚፈለገው ፕላኔት ኤክስ አልነበረም። ከጨረቃችን እንኳ ያንሳል። ሌሎቹን ፕላኔቶች ሊጎትት የሚችል ጉልበት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1989 ቮየጀር 2 የተባለችው መንኮራኩር በኔፕቱን አጠገብ ስታልፍ የኔፕቱን ክብደት በትክክል ተለካ፤ ሒሳቡ እንደገና ሲሠራ “ጎደለ” የተባለው ነገር ጠፋ። ስለዚህ ፕላኔት ኤክስም ተሰረዘ። ፕሉቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ድንክ ፕላኔት ይባላል።

ዛሬ የሚፈለገው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2016 ኮንስታንቲን ባቲጊንና ማይክ ብራውን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች አዲስ ሐሳብ አመጡ። ከኔፕቱን ወዲያ ከሚዞሩት ትንንሽ በረዷማ አካላት ውስጥ በጣም የራቁት የጥቂቶቹ ምህዋር ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳበ ይመስላል። አንድ ትልቅ ፕላኔት እየገፋቸው ይሆናል አሉ። ክብደቱ የምድርን 10 እጥፍ ያህል፣ ርቀቱ በአማካይ ከኔፕቱን 20 እጥፍ ያህል፣ ፀሐይን አንዴ ለመዞር ከ10,000 እስከ 20,000 ዓመት የሚፈጅበት። “ዘጠነኛው ፕላኔት” ተባለ። ሌሎች ሳይንቲስቶች ግን አይ፣ አካላቱ በአንድ በኩል የበዙ የመሰሉን ቴሌስኮፖቻችን በብዛት የሚያዩት ያንን በኩል ስለሆነ ነው ይላሉ። ባትሪ ያበራችሁበት ጥግ ላይ ብቻ በረሮ ብታዩ በሌላው ጥግ የለም ማለት አትችሉም አይደል? ክርክሩ እስካሁን አላለቀም። ፕላኔቱንም ያየው ሰው የለም።

“ይህን የሚያክል ነገር እንዴት አይታይም?” ብዬ የሳይንስ መምህራችንን ጠይቄያቸው ነበር። ሰሌዳው ላይ ሠርተው አሳዩኝ። ፕላኔት የራሱ ብርሃን የለውም፣ የፀሐይን ነው የሚመልሰው። ርቀቱ 2 እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን 4 ጊዜ ይቀንሳል፤ ተመልሶ ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ ሌላ 4 ጊዜ ይቀንሳል። 4 ሲባዛ በ4፣ 16 ጊዜ ደበዘዘ። 20 እጥፍ ቢርቅስ? 20 አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል፣ 160,000 ይመጣል። ማለትም ኔፕቱንን ራሱን ወስደን 20 እጥፍ ብናርቀው 160,000 ጊዜ ይደበዝዛል። ኔፕቱን ደግሞ አሁንም ያለ ቴሌስኮፕ አይታይም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ተራ ሰዎች የሚገቡት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2017 የናሳ ሳይንቲስቶች ዋይዝ የተባለች ሳተላይት ያነሳቻቸውን የሰማይ ፎቶዎች በኢንተርኔት ለማንኛውም ሰው ከፈቱ። ዋይዝ ታይ የነበረው በኢንፍራሬድ ነው፤ ይህ ዓይናችን የማያየው የሙቀት ብርሃን ነው። ያንኑ የሰማይ ቁራጭ በተለያዩ ዓመታት የተነሳውን 4 ፎቶ ቶሎ ቶሎ እያፈራረቀ ያሳያል። የቶምባው መሣሪያ ኮምፒውተር ላይ መጣ ማለት ነው። ሰዎቹ እቤታቸው ተቀምጠው የተንቀሳቀሰ ነገር ካዩ ምልክት ያደርጋሉ።

ኮምፒውተር ራሱ ለምን አይሠራውም ትሉ ይሆናል። ኮምፒውተርን የሚያስቸግሩት የውሸት ነጥቦች ናቸው። በጣም የደመቀ ኮከብ ዙሪያውን እንደ እሾህ ያለ ጨረር ይሠራል፤ ብርሃኑ ካሜራው ውስጥ ነጥሮ ሌላ ቦታ ላይ የሌለ “ኮከብ” ይስላል። እነዚህ ከፎቶ ፎቶ ቦታቸው ስለሚለዋወጥ የተንቀሳቀሱ ይመስላሉ። የሰው ዓይን ግን ትንሽ ከለመደ “ይኼ የውሸት ነው” ብሎ ቶሎ ይለያል። እናታችሁ ሽሮ ሲለቀም ጠጠሩን እንዴት እንደሚለዩ አስቡ፣ እንደዚያ ነው።

ሥራው ከተጀመረ በ6ኛው ቀን የመጀመሪያው ግኝት መጣ! ከአግኚዎቹ አንዱ አውስትራሊያ ውስጥ ታዝማኒያ የሚያስተምር የሳይንስ መምህር ነው። (መምህራኖቻችን፣ እየሰማችሁ ነው?) የተገኘው ግን ዘጠነኛው ፕላኔት አልነበረም። ከ100 የብርሃን ዓመት በላይ የሚርቅ ቡናማ ድንክ ነበር፤ ቡናማ ድንክ ማለት ከፕላኔት የሚተልቅ፣ ኮከብ ሆኖ ለመንደድ ግን ክብደት ያነሰው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕዝብ በተገለጸ አንድ ሥራ ብቻ በእነዚህ ሰዎች ዓይን የተገኙ 95 እንዲህ ያሉ አካላት ተዘግበዋል። የተሳተፈው ሰው ከ100,000 በላይ ነው። አሁን ደግሞ ቺሊ ውስጥ ቬራ ሩቢን የተባለ ትልቅ የሰማይ መመልከቻ እ.ኤ.አ. በ2025 የመጀመሪያ ፎቶዎቹን አሳይቷል፤ ደጋግሞ ሰማዩን ስለሚያነሳ ዘጠነኛው ፕላኔት ካለ እሱ ሊያገኘው ይችላል ተብሎ ይጠበቃል። በነገራችን ላይ እኛም እንጦጦ ላይ መስታወታቸው 1 ሜትር የሆነ 2 ቴሌስኮፖች አሉን።

ቪዲዮው ላይ ያለውስ?

አሁን ወደ ወሬው። በቪዲዮው ላይ ያለው “ኒቢሩ” የሚባለው ነው። አዲስ ወሬ አይደለም፣ ከኛ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ይመጣል ተባለ። አልመጣም። ቀኑ ወደ ዲሴምበር 2012 ተዛወረ። አልመጣም። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2017 ተባለ። ያኔም አልመጣም፣ እነሆ መጽሔት እየጻፍን ነው። ቩልካን ሲታጣ ተሰረዘ፤ ይኼኛው ግን ሲታጣ ቀኑን ብቻ ይቀይራል።

“ከፀሐይ ጀርባ ተደብቋል” ለሚለው ሒሳብ አያስፈልግም። ምድር ፀሐይን በ1 ዓመት ትዞር የለ? እንግዲያው ከሩቅ የሚመጣ ነገር በመስከረም ከፀሐይ ጀርባ ቢሆን፣ እኛ በመጋቢት በሌላኛው በኩል ስለምንሆን እኩለ ሌሊት ላይ አናታችን ላይ ይገኛል። “ከእኛ እኩል እየዞረ ቢደበቅስ?” የሚል ብልጥ አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተላኩ ስቴሪዮ የሚባሉ ሁለት መንኮራኩሮች በ2011 ፀሐይን በፊትም በጀርባም አይተዋታል። ፕላኔት የለም።

ሳይንቲስቶች ይደብቁታል የሚለውስ? በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊደርስ የቀረበ ፕላኔት በባዶ ዓይን ይታያል፤ እረኛም፣ የሌሊት ዘበኛም፣ እኛም እናየዋለን። ከዚያ በፊት ደግሞ በየአገሩ በየጓሮው ቴሌስኮፕ ተክለው የሚያድሩ አማተሮች ያዩታል። አዲስ ፕላኔት ያገኘ ሰው ስሙ ለዘላለም ይጠራል፤ ማን ዝም ይላል?

ፎቶዎቹን በተመለከተ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው በጉግል የሰማይ ካርታ ላይ ኦሪዮን አጠገብ የነበረው ጥቁር አራት ማዕዘን ነው። ብዙ ሰው “ሸፍነውት ነው” አለ። ካርታው ግን ከብዙ ፎቶዎች የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ ላይ የጎደለ ቁራጭ ነበር። ያው ቦታ በሌሎች ቴሌስኮፖች ተነስቷል፣ ያሉት ተራ ኮከቦች ናቸው። ኦሪዮን ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ምሽት ከኛ ሰማይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ማንም አልሸፈነውም።

ሁለተኛው በስልክ የተነሳው “ሁለተኛ ፀሐይ” ነው። ይህን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ማታ የስልኩን ካሜራ ወደ አምፖል አዙሩት። (ወደ ፀሐይ አይደለም! ፀሐይን ቀጥታ ማየት ዓይን ያጠፋል።) ስልኩን ቀስ አድርጋችሁ አዘንብሉት። ስክሪኑ ላይ ከአምፖሉ ሌላ አንድ ትንሽ ብሩህ ነጥብ ሊታያችሁ ይችላል። አምፖሉ ወደ ቀኝ ሲሄድ ነጥቡ ወደ ግራ ይሄዳል። ቀና ብላችሁ ስታዩ ግን ኮርኒሱ ላይ ያለው አንድ አምፖል ብቻ ነው። ነጥቡ ሌንሱ ውስጥ የነጠረ ብርሃን ነው። ማታ እንቅልፍ ያጣኸው ወይም ያጣሽው ልጅ፣ እባክህ፣ እባክሽ፣ ይህን ከትልቅ ሰው ጋር ሞክሩት። ለእማዬም ንገሯት፤ አትቆጣም።

እንደ ቶምባው መፈለግ ለሚፈልግ ደግሞ ኮምፒውተር አያስፈልግም፣ ከደብተር 2 ቅጠል ይበቃል። አንደኛው ላይ 40 ነጥብ እንደፈለጋችሁ በትኑ። ሁለተኛውን ቅጠል ላዩ ላይ አድርጋችሁ መስኮት ላይ በብርሃን ደግፉትና 39ኙን ነጥብ እዚያው ቦታ ገልብጡ፤ አንዷን ብቻ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል አንቀሳቅሱ። የትኛዋ እንደሆነች ለማንም እንዳትናገሩ። ከዚያ ሁለቱን ቅጠሎች ከላይ በኩል ብቻ አያይዟቸው፤ የላይኛውን ቅጠል በእርሳስ ጠቅልላችሁ ቶሎ ቶሎ ገለጥ፣ ከደን፣ ገለጥ፣ ከደን አድርጉ። ዘለል የምትለዋን ጓደኛችሁ ይፈልግ። ቶሎ ካገኛት በሚቀጥለው 80 ነጥብ አድርጉበት።